ተራ ጠባቂዎች ነዋሪ ሆኑልህ

ደሬ፣

እንዴት ከረምክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ጠያቂም መላሽም እኔው ልሆን ነው ብዬ ተውኩት። ከተለያየን ሁለተኛው ሙት ዓመትህ አልፎ ሌላ ክረምት ገባ። እኔ ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው፤ ቀለም ተወደደ፣ ሚስማር ተወደደ፣ ሰው ግን ቤት መሥራቱን አልተወም። ልጃችን ሐና አዳማ ሥራ ይዛለች። ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ በልቼ እንደሆነ ነው፤ አሁን እናትየዋ እሷ ሆናለች። ብርድ ሲሆን ጉልበቴን ያመኛል። ሌላ የቤት ወሬ የለም።

ይህን የምጽፍልህ ወሬ አምሮኝ አይደለም። አንድ ነገር ሠርቻለሁ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው። ከማን እሰማለሁ እንዳትለኝ፣ እሱን እኔም አውቃለሁ። ስምህን ከቡድንህ ላይ አስነሣሁት። የተራ ጠባቂዎች የቴአትር ቡድን ተጠሪ ከእንግዲህ አንተ አይደለህም። ቡድኑ ቤት የሚያገኘው አንተ ከወረድክ ብቻ ነበር፤ ወይ አንተ ትቀመጣለህ ልጆቹ ይበተናሉ፣ ወይ አንተ ትነሣለህ ልጆቹ ይገባሉ። እኔ አነሣሁህ። በል እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

መጋዘኑ ሊፈርስ ነው። ከሱቁ ጀርባ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ይወጣል ተባለና መጥተው ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉበት። ቀለሙ የማይረባ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ወዲያው ለቀቀ። ምልክቱ ይልቀቅ እንጂ መንገዱ አልቀረም፤ ክረምቱ ሲወጣ ያፈርሱታል። ሱቁን አይነካውም፣ የሚወስደው ልጆቹ የሚለማመዱበትን ነው። እኔ መቼም መገላገል ነው ብዬ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ከቀለም ጣሳ መሃል እየጮኹ ደንበኛ ሲያባርሩብኝ ኖረዋል! ቶሎሳ መጥቶ፣ እንደ እናቱ አዴ ብሎኝ፣ እንግዲህ በቃን መሰለኝ ሲለኝ ግን ደስ አላለኝም። ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም።

ቶሎሳ ያ ሚኒባስህ በር ላይ ተንጠልጥሎ የምታውቀው ረዳትህ አይደለም አሁን። የራሱ ባጃጅ አለው፣ አግብቷል፣ ሆድ አውጥቷል። ድምፁ ግን ያው ነው፤ መርካቶ፣ መርካቶ እያለ ሲጣራ ያሳደገው ድምፅ። ማርቆስም አለ፣ የወላይታው፣ አሁንም እዚያው ፕላስቲክ ፋብሪካ ነው። የሰካራም ቦታ ሰጥተኸው ብርጭቆ አልይዝም ያለህ ትዝ ይልሃል? ውሃ ነው ብትለው፣ የቸርቻችን ሰዎች ከሩቅ ሲያዩት ጠላ ይመስላቸዋል ብሎ ድርቅ አለ። አንተም አልተጣላኸውም፤ ብርጭቆው የጠፋበት ሰካራም አድርገህ ጻፍክለት። ቴአትሩን ሙሉ ብርጭቆውን ሲፈልግ ይውላል። ሰው ከሁሉ አብልጦ የሳቀው በእሱ ነበር።

ተራ ጠባቂዎች የሚለውን ስም ስታወጣ ይሄ ደግሞ ምን ስም ነው ብዬህ ነበር። የመጀመሪያውን ቴአትር የጻፍከው ታክሲ ተራ ቆመህ፣ ወረቀቱን መሪው ላይ አስደግፈህ ነው። ተራህ ደርሶ የኋላው ሾፌር ክላክስ እያስጮኸብህ አንተ ዓረፍተ ነገር ትጨርሳለህ። ቶሎሳ እንደሚለው ተራ አስከባሪው ሳይቀር ለምዶህ፣ ይቺን ቃል ይጨርስ ተዉት ይል ነበር። ዓለም ገና ገበያ ላይ የሚኒባሱን ጣራ መድረክ ያደረግህ ጊዜስ! ጣራው ጎደጎደ፣ ባለመኪናው ሊገድልህ ደረሰ፣ አንተ ግን ሰው እንዴት እንደሳቀ ነው እቤት መጥተህ የነገርከኝ። እኔ ጣራው በስንት ይቃናል ብዬ ጠየቅሁህ። እንዲያ ነበርን።

ያ በእንጨት ተደግፎ ዓመታት የቆመው ሕንጻ አልቋል። በአጠገቡ ባለፍክ ቁጥር ለተሳፋሪ፣ ይሄ የእኔ ቤት ነው የምትለው፤ ሰው ደግሞ የሚቀልድ ሾፌር አገኘን ብሎ ይስቅልህ የነበረው። የኪነ ጥበባት ማዕከል ነው። ወንበሮቹ ቀይ ናቸው። መጸዳጃ ቤቱ ውሃ አለው፤ ታምናለህ? ታዲያ ማዕከሉ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የአካባቢ ቡድኖችን ጠራ፤ ነዋሪ ቡድን መሆን የምትፈልጉ አመልክቱ አለ።

ነዋሪ የምትለዋ ቃል ጉድ አፈላች። የሱሉልታዎቹ ጠዋት ጠዋት የሚሮጡ፣ ከሰዓት የሚጨፍሩ ልጆች ናቸው፤ ነዋሪ ማለት እዚያው ማደር መስሏቸው ስፖንጅ ፍራሻቸውን ሚኒባስ ላይ ጭነው መጡ። ጥበቃው ኧረ ይሄ ሆቴል አይደለም ይላል፤ እነሱ ተጠርተን ነው ይላሉ። ከሰበታ የመጡት ደግሞ ማብሰያ ይፈቀዳል ወይ ብለው ጠየቁ አሉ። የእኛዎቹም አልቀሩም። ነዋሪ ከተባለማ የነዋሪነት መታወቂያ ሊጠይቁን ነው ብለው ተሸበሩ፤ ግማሾቹ በኪራይ የሚኖሩ የፋብሪካ ልጆች ናቸው፣ መታወቂያቸው የየአገራቸው ነው። ማርቆስ ከአለቃው ፈቃድ ለምኖ መሸኛ ሊያመጣ ሶዶ ድረስ ሄደ። እናቱ፣ ልጄ አገሩን ሊለቅ ነው ብላ አለቀሰች። ኧረ ለቴአትር ነው ቢላት ጭራሽ ባሰባት።

ከዚያ በፊት የማዕከሉ ገምጋሚዎች መጋዘን ድረስ መጥተው አይተዋቸዋል። ወንበር ስላልነበረን የቀለም ጣሳ ላይ ተቀመጡ፤ አንደኛው ሲነሣ ሱሪው ከኋላ ነጭ ሆኗል። ነግሬው ነበር፣ አልሰማኝም። እሱ ሰውዬ፣ በአንድ ቴአትር ውስጥ አማርኛም ኦሮምኛም ወላይትኛም እንዴት ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ማርቆስ፣ ግቢያችን እንደዚህ ነው የምናወራው፣ ሰውም ይገባዋል አለው። ሰውየውም ገብቶኛል አለ፤ ሱሪውን እያራገፈ።

ማዕከሉ ቢሮ ስንጠራ ቶሎሳ እኔንም ይዞኝ ሄደ፤ ስንት ዘመን እዚህ እንደተለማመድን እርስዎ ያስረዱልናል አለኝ። ሥራ አስኪያጇ ሌንሳ ትባላለች፤ ከሐና ብዙ አትበልጥም፣ ሳቂታ ናት። የፍራሹንም የመሸኛውንም ታሪክ ሰምታ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ቀጥሎ ደግሞ አፈረች። ነዋሪ ማለት እንደሱ አይደለም ብላ አስረዳችን። ማደሪያ የለም፣ የማንንም መታወቂያ አንፈልግም፤ የራሳችሁ የሆነ የልምምድ ሰዓት ይኖራችኋል፣ ልብስና ዕቃችሁን የምትቆልፉበት ክፍል ይሰጣችኋል፣ በየወሩ መድረክ የምትወጡበት ቀን አላችሁ፣ በሩ ላይ ስማችሁ ይጻፋል፣ ኪራይ አትከፍሉም አለች። ማርቆስ መሸኛውን አጥፎ ኪሱ መለሰው።

የምንወስደው ሁለት ቡድን ብቻ ነው፤ አንዱ እናንተ ናችሁ፣ ሥራችሁ ተወድዷል አለች። የቀረው ተጠሪያችሁ በአካል መጥተው መፈረም ነው። ፋይሉን ገለጥ አደረገችና፣ ኦቦ ደረጀ ከመንገድ መቼ ይመለሳሉ? አለች።

እኔ ቶሎሳን አየሁት። ቶሎሳ መሬቱን አየ። ማርቆስ ጣራውን። ለካ ልጆቹ የቡድኑን ፈቃድ ባሳደሱ ቁጥር፣ ተጠሪው የታሉ ሲባሉ ክፍለ ሀገር ወጥተዋል ሲሉ ኖረዋል። መጀመሪያ ጅማ ነበርክ። ቀጥሎ ነቀምት ሄድክ። ዘንድሮ ደግሞ ጎንደር አድርሰውሃል። ከሞትክ ወዲህ የዞርከውን አገር በሕይወትህ አልዞርከውም፤ ዕድሜህን የጨረስከው ከቡራዩ መርካቶ ስትመላለስ ነው። በኋላ ለምን እንዲህ ታደርጋላችሁ ብዬ ስቆጣ ቶሎሳ የመለሰልኝ፣ ሞቷል የምልበት አፍ አጣሁ አዴ ብሎ ነው።

ያኔ ቢሮ ውስጥ ግን ሁሉም የእኔን አፍ ነው የሚጠብቀው፤ ሚስቱ መሆኔን ነግረዋታል። አርፏል አልኳት። ከለቅሶው ጀምሮ ለሰው ሁሉ የምለው እሱን ነው። ለስላሳ ቃል ነው፣ ጉሮሮ አይቧጥጥም። ሌንሳ ፊቷ በራ። እሰይ፣ እንኳን በሰላም ገቡ፤ የጎንደር መንገድ መቼም ያደክማል፤ ይረፉና ሐሙስ ብቅ ይበሉ አለች።

አልፈርድባትም። መንገድ ሄዷል የተባለ ሰው አርፏል ሲባል ሌላ ምን ይታሰባል? ደግሞ እሷ በኦሮምኛ እያሰበች ነው አማርኛ የምታወራው። ቶሎሳ በቋንቋቸው ዱኤ ቢላት አንዲቷ ቃል ትበቃት ነበር፤ እሱ ግን ምላሱ ተሳስሯል። ያ መርካቶ፣ መርካቶ የሚለው አፍ! ማናችንም አላረምናትም፤ አንተ እቤት ጫማህን አውልቀህ እግርህን ዘርግተህ የተቀመጥክ ይመስል። ደሬ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ እሺ፣ ሐሙስ ይመጣል ልላት ትንሽ ነው የቀረኝ። ሐሙስ ስትል ደስ አለኝ። ቢያንስ አንድ ቀን ተቆረጠልህ።

ከዚያ ሞቷል አልኩ። ከሞትክ ጀምሮ ያቺ ቃል ከአፌ ስትወጣ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ባለቤቴ ሞቷል፣ መንገድ አልሄደም፣ ልጆቹ ጨንቋቸው ነው የዋሹት አልኳት። ለደንበኛ ዋጋ እንደምናገር ነበር የተናገርኩት። ሌንሳ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ተነሥታ መጥታ አቀፈችኝ። እኔ እንደ ቆምኩ ቀረሁ። አላለቀስኩም።

የቀረው የወረቀት ጣጣ ነው። የሞት ምስክር ወረቀት አምጡና ሌላ ተጠሪ ምረጡ ተባልን። ምስክር ወረቀቱን አውጥቼው አላውቅም፤ ምን ያደርግልኛል እያልኩ ስተወው ነበር። ላወጣው ቀበሌ ስሄድ መታወቂያህን አስረክቢ አሉኝ፤ የሞተ ሰው መታወቂያ ይመለሳል። ቦርሳዬ ውስጥ ከእኔው መታወቂያ ጋር ተጣብቆ ነበር። ፎቶው ላይ የኮሌታህ አንደኛው ወገን ተቀልብሷል፤ ያን ቀን አስተካክለው ብዬሃለሁ፣ መቼ ሰምተኸኝ ታውቃለህ! ፎቶውን እንኳ ልላጠው ብላት ጸሐፊዋ አይቻልም አለችኝ፤ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። ልጆችህን ነዋሪ ለማድረግ አንተን ከነዋሪነት አሰረዝኩህ ማለት ነው። ወጥቼ ታክሲ ያዝኩ፣ ሱቁን ከፈትኩ፣ የሚሸጠውን ሸጥኩ። እራት ላይ ከፋኝ። በጣም ነው የከፋኝ ደሬ፤ ለሐናም አልነገርኳትም።

ተጠሪ ምረጡ ሲባል ልጆቹ እኔን አሉ። ኧረ በሕግ አምላክ! እኔ ቴአትር ሲጀመር እንቅልፍ የሚወስደኝ ሴት፣ ለእናንተ ተጠሪ ልሁን? ተቆጣሁና ቶሎሳ ይሁን አልኩ፤ ሆነ። ሊፈርም ሲል በልማዱ፣ ስለ ደረጀ ብሎ ሊጽፍ ጀመረ። ስለ የምትለዋን ጽፎ ቆመ። ሌንሳ ሌላ ወረቀት ሰጠችው። በሩ ላይ ተራ ጠባቂዎች ተብሎ በሁለቱም ቋንቋ ተጽፏል። የተጻፈበትን ቀለም ቀርቤ አይቼዋለሁ፤ የዘይት ቀለም ነው፣ በቶሎ አይለቅም። ሌላው ያለፈው ቡድን የሱሉልታዎቹ ነው፤ ፍራሹን ሲዘሉ ለመውደቂያ እንዲሆናቸው ተፈቀደላቸው።

የመጀመሪያው ልምምድ ቅዳሜ ነበር። የመረጡት ቴአትር ያንን ተከራዩ የሚሞትበትን ነው። የኪራይ ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ይሞታል፣ አገሩን የሚያውቅ የለም፤ ሬሳው ጋቢ ለብሶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደተጋደመ ነው፣ ጎረቤቶቹም የማን አገር ሰው እንደነበር ሲከራከሩ ቆይተው በመጨረሻ እያንዳንዱ እንደ ራሱ ወገን አድርጎ ያለቅስለታል። መጋዘን ውስጥ ስታለማምዳቸው ሚስማር ሊገዛ የመጣ ሰውዬ ጩኸቱን ሰምቶ ኮፍያውን አወለቀ፣ እግዜር ያጽናሽ ብሎኝ ሳይገዛ ሄደ። ሬሳ መሆን የሚፈልግ ስለጠፋ ደግሞ የዘገየ ሬሳ ይሆናል ብለህ ሕግ አወጣህ። ማንም የሚያመልጠው ሕግ አልነበረም። አንተም መንገድ ተዘጋግቶብህ የዘገየህ ቀን ተጋድመሃል፤ ለቅሶው መሃል እንቅልፍ ወስዶህ አንኮራፍተህ ሁሉንም በሳቅ ገደልካቸው።

ሊያዩኝ ይወዳሉ ብዬ ልሄድ አሰብኩ። ልወጣ ስል አንድ ግንበኛ ለቆርቆሮ ሚስማር መጣብኝ፤ እሱን ሸኝቼ ሱቁን ቆልፌ ስደርስ ሰዓቱ አልፏል። አዳራሹ ውስጥ ልጆቹ ቆመው ቀሩ። በአዲሱ ቤት እንዳይዘገዩ ፈርተው ሁሉም ቀድመው ነው የመጡት። ጣውላው በቀለም ጣሳዎች ላይ ተዘርግቷል፣ ጋቢው ተቀምጧል፤ የሚጋደም የለም። በሩን ስከፍት ሁሉም ዞረው አዩኝ። ከዚያ አፍረው ፊታቸውን መለሱ።

ማንም ነይ ያለኝ የለም። ጫማዬን አወለቅሁ። ቶሎሳ፣ ኧረ አዴ፣ ይተዉ፣ እኔ እተኛለሁ አለ። የዘገየው ማነው አልኩት። ሄጄ ተጋደምኩ፤ ጉልበቴ አስቸግሮኝ ማርቆስ ደግፎ አስተኛኝ፤ ጋቢውን ፊቴ ላይ ሳብኩት።

አንተ የሞትክ ጊዜ እኔ ድንኳኑ ተተከለ ወይ፣ ሳህኑ ደረሰ ወይ፣ የሩቅ እንግዳ የት ይደር ስል ነው ቀብርህ ያለቀው። ማን ምን ብሎ እንዳለቀሰልህ አልሰማሁም። ቅዳሜ ዕለት ግን ጋቢው ሥር ሥራ የለኝም፤ ተጋድሜ መስማት ብቻ። ቶሎሳ ያ ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ እያለ ጀመረ። ማርቆስ በወላይትኛ የቸርቻቸውን መዝሙር ያዘ። ያቺ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ትርሲት ደግሞ በአማርኛ፣ ጎረቤቴ፣ ሰው አክባሪዬ ትላለች። ተከራዩን አልነበረም የሚያለቅሱት። ደሬ የሚል ስም አልተጠራም፣ ቴአትሩ ውስጥ የለማ። ግን እኔ ድምፃቸውን አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት በግድግዳ ሰምቼዋለሁ።

ሬሳ አያለቅስም። እኔ ግን አለቀስኩ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ያላለቀስኩትን ጋቢው ሥር ሆኜ አለቀስኩልህ። ጋቢው ሲንቀጠቀጥ ሳያዩት አይቀሩም። ማንም አላቋረጠም፤ እስከ መጨረሻው ወሰዱት።

አልረሳህም፣ ሁልጊዜ ከልቤ ነህ ምናምን ብሎ መጻፍ ለእኔ አይሆንልኝም፤ ታውቀኛለህ። የምችለውን ቃል ልግባልህ። ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹ ቀድመውኝ ይግቡ። እኔ ሱቁን ለመዝጋት አልቸኩልም፤ ደንበኛ ባይኖርም ቁጭ እላለሁ። ሁልጊዜ መጨረሻ የምደርሰው እኔ ነኝ።

ሚስትህ
ወይንሸት